ቪንቴጅ ምንድን ነው? የአንድ ዓመት ውስኪዎችን ጎን ለጎን መቅመስ

ጠርሙሱ ላይ «1997» ተጽፏል። አንዳንዱ ሰው ፋብሪካው የተከፈተበት ዓመት ይመስለዋል። ሌላው «አሮጌ ነው፣ ጥሩ ነው ማለት ነው» ብሎ ኪሱን ይዳብሳል። ሁለቱም አይደለም። ቪንቴጅ ማለት ውስኪው ገና እንደ ውሃ ጥርት ያለ አልኮል ሆኖ ከማውጫው የወጣበት ዓመት ነው። በቃ። ከዚያ በኋላ በርሜል ውስጥ ስንት ዓመት ተኛ የሚለው ሌላ ሂሳብ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ጠርሙሱ ላይ «ሲንግል ሞልት» ሲባልም የአንድ በርሜል ውስኪ ማለት አይደለም። የአንድ ዲስቲለሪ፣ የአንድ ውስኪ ማውጫ ቤት ማለት ነው። ሞልቱ ያው ብቅል ነው፣ የገብስ ብቅል ብቻ። ስኮች (የስኮትላንድ ውስኪ) ለመባል ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል፣ ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት፤ ሲታሸግም አልኮሉ ከ40 በመቶ አያንስም።

ግራ የሚያጋባው ዕድሜና ዓመት ሲምታቱ ነው። «12 ዓመት» የሚል ጠርሙስ ውስጥ ብዙ በርሜሎች ይደባለቃሉ፣ ቁጥሩ የሚናገረው የመጨረሻዋን ልጅ ዕድሜ ነው፤ ውስጡ የ15ም የ18ም ሊኖር ይችላል። ዓመት የተጻፈበት ግን ጠብታው በሙሉ የዚያው ዓመት መሆን አለበት። ከ2009 ጀምሮ ያለው ደንብ ዓመቱን ብቻ ጽፎ ዝም ማለትም አይፈቅድም፤ የታሸገበትን ዓመት ወይም ዕድሜውን አብሮ መጻፍ ግዴታ ነው። ለምን መሰለህ? ውስኪ እንደ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም። በ1997 ወጥቶ በ2007 የታሸገ፣ ዛሬም የ10 ዓመት ውስኪ ነው፣ ቁም ሳጥን ላይ 30 ዓመት ብታስቀምጠውም። ስለዚህ «1997» ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው።

ወይን ላይ ዓመቱ የሚነግርህ የአየሩን ጠባይ ነው፤ ዝናቡን፣ ፀሐዩን፣ ወይኑ እንዴት እንደበሰለ። ውስኪ ላይ ይሄ ብዙም አይሠራም። ገብሱ ካለፈው ዓመት መከር ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ አገርም ሊመጣ ይችላል። «የ97 ውስኪ ድንቅ ነበር» ብሎ በጅምላ የሚያወራ ሰው ካጋጠመህ ፈገግ ብለህ እለፈው።

ታዲያ የአንድ ዓመት ውስኪዎችን አሰልፎ መቅመስ ምን ይጠቅማል? ዋናው ጥቅም እዚህ ነው። የታሸጉበት ዓመትም ከተቀራረበ ዕድሜያቸው እኩል ሆነ ማለት ነው፣ የቀረው ልዩነት የቦታና የበርሜል ነው።

ሁለት ከስፔይሳይድ፣ ከስኮትላንድ አንዱ የውስኪ አካባቢ ውሰድ። አንዱ ቀድሞ ቡርበን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ የነበረበት በርሜል ውስጥ ያደገ፣ ሌላው ሼሪ የሚባለው የስፔን ወይን ጠጅ በነበረበት። አሜሪካኖቹ ቡርበን ለማሳደግ አዲስና ውስጡ የከሰለ ኦክ መጠቀም በሕግ ስላለባቸው ያገለገለውን ይሸጡታል፣ ስኮቶቹ ይገዙታል። ከቡርበኑ በርሜል ቫኒላ፣ ማር፣ አንዳንዴ ኮኮናት ታገኛለህ። ከሼሪው ዘቢብ፣ ተምር፣ ቅርንፉድ። የወጡት ከአንድ ማውጫ፣ በአንድ ሳምንት ቢሆን እንኳ ወንድማማች አይመስሉም። ሰው የዲስቲለሪውን ስም ሲያሞካሽ አብዛኛው ጣዕም ከእንጨቱ እንደመጣ ይረሳል።

ከጎናቸው ደግሞ የስኮትላንዷን የአይላ ደሴት ውስኪ አስቀምጥ፤ ላጋቩሊን ወይም ላፍሮይግ። እዚያ ብቅሉ የሚደርቀው በፒት ጭስ ነው፤ ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ ለዘመናት የተከማቸ የበሰበሰ ዕፅዋት ነው፣ ተቆርጦ ይደርቅና ይነዳል። የጠላ እንስራ በወይራ ሲታጠን አስበው፣ እነሱ የሚያጥኑት ዕቃውን ሳይሆን ብቅሉን ነው። ሽታው አንዳንዱን ሰው ክሊኒክ ያስታውሰዋል። ቅሬታውን አልቃወምም።

በርሜሎቹ እኩል አያረጁም፣ ይሄንንም ልብ በል። በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ይተናል፤ ስኮቶቹ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ስኮትላንድ እርጥብ ስለሆነች አልኮሉም እያደር ይወርዳል። አንዱ የ97 በርሜል 57 በመቶ ላይ ሲታሸግ፣ ሌላው 46 ላይ ውሃ ተጨምሮበት ሊወጣ ይችላል። እነዚህን ሁለቱን እንዳሉ ካነጻጸርክ የምታነጻጽረው ጣዕም ሳይሆን ማቃጠል ነው። በጠብታ ጠብታ ውሃ እየጨመርክ አቀራርባቸው። ውሃው ሽታውንም ይከፍተዋል።

እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ጭሳሙን አስቀድሜ፣ ከዚያ በኋላ የቀመስኩት ሁሉ ጭስ ጭስ አለኝ። የምሽቱ ሂሳብ እዚያው ከሰረ። ጭስ የሌለውን አስቀድም፣ ጭሳሙን መጨረሻ። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይሻላል፣ ሽታውን ይሰበስባል። ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ አያስፈልግም፣ በመሃል ውሃ ጠጣ፣ ደረቅ ዳቦ ቅመስ። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልለህ ቁጥር ስጣቸው፤ ስም ካየህ ምላስህ ይዋሻል። ቀለምንም አትመን፣ ካራሜል መጨመር የተፈቀደ ነው።

ዓመት የተጻፈበት ጠርሙስ ማግኘት ራሱ እየከበደ ነው። ባልብሌር የሚባለው የስኮትላንድ ዲስቲለሪ ለዓመታት በቪንቴጅ ብቻ ሲሸጥ ቆይቶ በ2019 ወደ ዕድሜ ቁጥር ዞረ። የሚቀርብህ የገለልተኛ አሻጊዎች ጠርሙስ ነው፤ እንደ ጎርደን ኤንድ ማክፌይል ያሉት ከብዙ ዲስቲለሪ ገዝተው ያስቀመጡትን ውስኪ፣ ዓመቱንና የበርሜሉን ዓይነት ጽፈው ይሸጣሉ። ለማነጻጸር ከዚህ የተመቸ የለም። ዋጋው ላይ ግን ረጋ በል። ፖርት ኤለን የሚባለው የአይላ ዲስቲለሪ በ1983 ተዘግቶ እስከ 2024 ስላልተከፈተ ከዚያ በፊት የወጣው ሁሉ ብርቅ ሆነ፣ የምትከፍለው ለታሪኩም ጭምር ነው።

ስትጨርስ ብርጭቆዎቹን እንዳታጥብ። ባዶአቸውን አሳድራቸውና ጠዋት አሽትታቸው። አልኮሉ ሄዷል፤ የቀረው እንጨቱና ጭሱ ነው፣ ማታ ያምታታህ የትኛው እንደሆነ ያኔ ይለይልሃል።