ቶትሽቫይገን ምንድን ነው?

የጀርመንኛ ቃል ነው። «ቶት» ሙት ማለት ነው፣ «ሽቫይገን» ደግሞ ዝም ማለት። ሲገጥም ሰውን በዝምታ መግደል ይሆናል። መጽሐፍህ ይወጣል፣ አንድ መስመር የሚጽፍበት የለም። አዳራሽ ሞልተህ ታነባለህ፣ በማግስቱ ጋዜጣው ላይ የለህም። ማንም አይሰድብህም፤ ስምህን ግን የሚያነሳ አይገኝም።

ቃሉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታወሰው የቪየናው ጸሐፊ ካርል ክራውስ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እሱም ራሱ የዋህ አልነበረም። ደራሲያን የሚያዘወትሩት ካፌ ግሪንሽታይድል ሊፈርስ ሲል፣ ደንበኞቹን አንድ በአንድ እያነሳ አላገጠባቸው። ከእነሱ አንዱ ፌሊክስ ሳልተን፣ በኋላ «ባምቢ»ን የጻፈው፣ በ1896 መጨረሻ ካፌ ውስጥ በጥፊ አቀመሰው። ደራሲው አርቱር ሽኒትስለር በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ጥፊው ሁሉንም ደስ አሰኝቷል።

ጥፊ እንኳ ደህና ነው፤ ቢያንስ ሰው መሆንህን ያምናል። የከፋው በኋላ መጣ። «ኖየ ፍራየ ፕሬሰ» የተባለው ትልቁ ጋዜጣ ለክራውስ ሥራ አቀረበለት። እምቢ አለና በ1899 «ዲ ፋክል» (ችቦው) የሚል የራሱን መጽሔት ከፈተ። አባቱ ወረቀት ፋብሪካ ስለነበራቸው ለገንዘብ ብዙ አልተቸገረም። ጋዜጣውንም ዓመት ከዓመት ወረደበት። ጋዜጣው ምን መለሰ? ምንም። ስሙን ላለማንሳት ወሰነ።

ብልጠቱ እዚህ ላይ ነው። ስድብ መልስ አለው፣ ፍርድ ቤትም አለው፤ ክራውስ ራሱ በ1901 በደራሲው በሄርማን ባር ተከሶ ተፈርዶበታል። ዝም ያለህን ሰው ግን ምን ብለህ ትከሰዋለህ? እኔ እንደሚመስለኝ ከግፍ ትችት ሁሉ ፈሪው ይሄ ነው።

ክራውስ ግን አልሞተም። ከ1911 መጨረሻ ጀምሮ መጽሔቱን ብቻውን ይጽፍ ነበር። 700 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቶ አነበበ።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ነገሩ ተገለበጠ። አንባቢ ሁሉ ክራውስ ምን ይል ይሆን ብሎ ጠበቀ። ከወራት በኋላ የወጣው እትም 4 ገጽ ብቻ ነበር። የያዘውም በጓደኛው በአርክቴክቱ በአዶልፍ ሎስ ቀብር ላይ ያደረገውን ንግግርና ዝም እንደሚል የሚናገር አጭር ግጥም ነው። አሁን ደግሞ ለምን ዝም አልክ ብለው ዘመቱበት፤ አልቆለታል ያሉም ነበሩ። እሱም የጻፉበትን ሰብስቦ በ1934 በመጽሔቱ አተመው፣ «ለካርል ክራውስ የተጻፉ የሐዘን መግለጫዎች» ብሎ።