ስታቲን ጉበት ውስጥ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን

ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ስሙ ያስፈራል እንጂ ፕሮቲን ነው። ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ አንድ ጂን እንዲሠራ ወይም እንዲቆም ያደርጋል። የጉበትና የቆዳ ሴል ዲኤንኤ አንድ ነው፤ የሚለያያቸው የትኞቹ ጂኖች እንደሚሠሩ ነው።

ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት እንይ። መድኃኒቱ የጉበት ሴል ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን ኢንዛይም ሥራ ያግድበታል። ሴሉ ውስጥ ኮሌስትሮል ሲያንስ፣ ኤስአርኢቢፒ-2 የሚባለው ፋክተር ከታሰረበት ሽፋን ተቆርጦ ይለቀቅና ዲኤንኤው ያለበት ኒውክለስ ይገባል። እዚያ የኤልዲኤል (በደም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚሸከም ቅንጣት) ተቀባይን ጂን ያስነሳል። ተቀባዮቹ ሲበዙ ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን እየለቀሙ ያስገባሉ። ደሙ የሚጠራው በዋናነት በዚህ መንገድ ነው።

የሚገርመው፣ ይኸው ፋክተር ተቀባዮቹን የሚያስፈርሰውን የፒሲኤስኬ9 ጂንም ያስነሳል! በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው እንደመንሳት ነው። የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲጨመር ኤልዲኤል ትንሽ ብቻ የሚወርደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።