የዝርያ ማሻሻያ ፕሮጀክት ገንዘብ፦ ስጋቱ የት ነው? ደንቡስ?

በኢትዮጵያ አዲስ የስንዴ ወይም የጤፍ ዝርያ ሲወጣ ከኋላው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ። አንዱ የመንግሥት በጀት ነው፤ ደመወዙንና መደበኛውን ወጪ ይችላል። ሌላው የፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ይሄኛው ከጌትስ ፋውንዴሽን ወይም ከአንድ የውጭ መንግሥት ይነሳና፣ በውጭ ዩኒቨርሲቲ ወይም እንደ ሲሚት ባለ ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል (ሲሚት የበቆሎና የስንዴ ማዕከል ነው) በኩል አልፎ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ቁሉምሳና ወደ ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከላት፣ አንዳንዴም ወደ ክልል ምርምር ተቋማት ይወርዳል። የለጋሹ ቅድመ ሁኔታም አብሮት ይወርዳል። ታች ያለው ማዕከል ከለጋሹ ጋር ፊት ለፊት ባይፈራረምም ደንቡ ይይዘዋል።

ስጋት ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሌብነት ነው። የለም ማለት አይደለም። ግን በዚህ ሥራ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ከቀን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። የመኸር ስንዴና ጤፍ የሚዘራው ደግሞ እዚያው ሰሞን፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ፋይናንስ ሒሳብ ለመዝጋት ሲሯሯጥ ተመራማሪው ማዳበሪያ፣ ነዳጅና የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ይባላል፤ ገንዘቡ ከፍ ካለ ደግሞ ጨረታ ይውጣ። ደንቡ ልክ ነው። ዝናቡ ግን ጨረታ አይጠብቅም፤ የመዝሪያ ጊዜው ካለፈ የዓመቱ ሙከራ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ማዕከል የሰኔን ግዥ በየካቲት ይጀምራል።

ኦዲተር ጉድለት ቶሎ የሚያገኘው የቀን ሠራተኛ ክፍያ ላይ ነው። የአራሚ፣ የአጫጅና የወፍ ጠባቂ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ፣ በስም ዝርዝርና በጣት አሻራ ሲወራረድ ኖሯል። አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን በሁለት ፕሮጀክት ፔሮል ላይ ከታየ፣ ማንም ሳንቲም ኪሱ ባይከትም፣ ፎርማኑ ሰውዬውን ከሰዓት ወደ ሌላ ማሳ ስላዛወረው ብቻ ወጪው ተቀባይነት ያጣል፤ ማዕከሉም ገንዘቡን መልስ ይባላል። ፔሮሉን በዕለቱ ማሳው ዳር መሙላት ነው። ወር ቆይቶ ቢሮ ውስጥ የተሞላ ፔሮል ከሩቅ ያስታውቃል፦ የሠላሳ ቀን ጽሑፍ በአንድ እስክሪብቶ፣ አንድም የጭቃ ጠብታ የለበት!

ሁለተኛው ስጋት ወረቀት የሌለው ዘር ነው። ገንዘብ በየደረጃው ይቆጠራል። ዘር ግን ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ሻንጣ ውስጥም ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱ የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ስንዴ፣ ገብስና ማሽላ በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ዘረመል ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ መደበኛ የማስተላለፊያ ውል አላቸው። ጤፍና ቡና ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የፕሮጀክት ሐሳብ ሲጻፍ «ናሙናው ውጭ አገር ይተነተናል» ብሎ አንድ መስመር መጣል ቀላል ነው፤ ፈቃዱ ሳይያዝ ውሉ ከተፈረመ ግን ማዕከሉ ወይ ለጋሹን ወይ አዋጁን መጣሱ ነው።

የጤፍ ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ኸልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከሚባል የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ከጤፍ የሚገኘውን ጥቅም ለመጋራት ተፈራረመች። በወረቀት ደረጃ በጊዜው የተመሰገነ ስምምነት ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው ፓተንት ግን ከኩባንያው ጋር አልሞተም፤ ስምምነቱን ባልፈረሙ ሰዎች እጅ ቀጠለ። ኢትዮጵያ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ያህል ነው። የኔዘርላንዱን ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ሰረዘው፤ ያውም ኢትዮጵያ ከስሳ ሳይሆን የኔዘርላንድ ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲካሰሱ።

ወደ አገር የሚገባ ዘርም የኳራንቲን ፈቃድ ይፈልጋል። የበቆሎ ገዳይ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ ወዲህ ይሄ የፎርማሊቲ ጉዳይ አይደለም። ልውጥ ሕያው (ጂኤምኦ) ላይ የሚሠራ ደግሞ በደህንነተ ሕይወት አዋጁ ሌላ ፈቃድ ያወጣል።

ሳይንሱ ራሱም ስጋት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 ጌትስ ፋውንዴሽን ለኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የስንዴ ዋግ ፕሮጀክት 26.8 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ ሁሉም የፈራው ዩጂ99 የሚባለውን የግንድ ዋግ (ስንዴን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ) ነበር። ዩጂ99ን የሚቋቋመውን ዲገሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሌ ላይ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት አወደመው። እንዲህ ሲሆን የሥራ ዕቅዱ በወራት ውስጥ መቀየር አለበት፤ ገንዘብ ከአንድ የበጀት መስመር ወደ ሌላ ለማዞር ግን የለጋሹ የጽሑፍ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። ስልክ ላይ «እሺ፣ ቀጥሉ» መባል ኦዲት ላይ አይሠራም።

ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር የተዋዋለ ፕሮጀክት በብር ሲቆጠር አበጠ። ደስ ይላል፤ ግን ትርፉ ቦነስ አይደለም፣ ለምን እንደሚውል ከለጋሹ ጋር መስማማት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2025 ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን አገደች፤ ፊድ ዘ ፊውቸር በሚባለው የዩኤስኤይድ የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ሥር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮችም ሥራ አቁሙ ተባሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ የሚወጣ ወጪ የመከፈል ዋስትና የለውም። ዝርያ ለማውጣት አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ የፕሮጀክት ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። የሚያዋጣው የመዳቀያ ማሳውን፣ በየዓመቱ መዘራት ያለባቸውን መስመሮች (ገና ዝርያ ሆነው ያልወጡ ዘሮች) እና የዘር ማከማቻውን በመንግሥት በጀት ይዞ፣ ፕሮጀክቱን ለተጨማሪ የሙከራ ቦታ፣ ለላብራቶሪና ለሥልጠና ማዋል ነው። አዲስ ውል ላይ ከመፈረም በፊት ዘሩ የሚቀመጥበት የቀዝቃዛ ክፍል መብራት ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል ይጠየቅ።