ጃማይካ፦ የደሴቲቱ የዕለት ኑሮና ለሚሄድባት ሰው የሚጠቅሙ ነገሮች

ጃማይካ ከኩባ በስተደቡብ በካሪቢያን ባሕር ውስጥ የምትገኝ ደሴት አገር ናት። ስፋቷ 10,991 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ሕዝቧ ወደ 2.8 ሚሊዮን ይጠጋል። ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትሆንም ተራራማ ናት፤ ከፍተኛው የብሉ ማውንቴን ጫፍ 2,256 ሜትር ይደርሳል። ፓሪሽ በሚባሉ 14 አውራጃዎች ተከፍላለች። ዋና ከተማዋ ኪንግስተን በደቡብ ጠረፍ ላይ ስትሆን፣ ቱሪስት የሚጎርፍባቸው ሞንቴጎ ቤይ፣ ኦቾ ሪዮስና ኔግሪል በሰሜንና በምዕራብ ይገኛሉ።

ብዙ ኢትዮጵያዊ ጃማይካን የሚያውቃት በሬጌ፣ በሻሸመኔና በአጭር ርቀት ሩጫ ነው። የሆቴል ማስታወቂያ ደግሞ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ያሳያል። ሁለቱም እውነት ነው፤ የሕዝቡ ኑሮ ግን በታክሲ ተራው፣ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑና ውጭ አገር ካለ ዘመድ በሚጠበቀው ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ይህን ያላየ ሰው ደሴቲቱን አየኋት ለማለት ይቸግረዋል።

ታሪኳን ሳያውቁ መሄድ አይገባም። ኮሎምበስ በ1494 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሲደርስባት ታይኖ የሚባል ሕዝብ ይኖርባት ነበር። እስፓንያ እስከ 1655 ገዛቻት፤ ከዚያ እንግሊዞች ወሰዷትና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ሞሏት፤ ለእርሻውም ከምዕራብ አፍሪካ እጅግ ብዙ ሰው በባርነት አጋዙ። ሙሉ ነፃነት የታወጀው ኦገስት 1 ቀን 1838 ነው። ከ1845 ጀምሮ ከሕንድ፣ ቆይቶም ከቻይና የውል ሠራተኞች መጡ። አገሪቱ ራሷን የቻለችው ኦገስት 6 ቀን 1962 ሲሆን፣ እስካሁን ርእሰ ብሔሯ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። “ከብዙዎች አንድ ሕዝብ” የሚለው ብሔራዊ መፈክሯ የወጣው ከዚህ ሁሉ ቅልቅል ነው።

ሰላምታ

መንግሥታዊው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም ሰው እርስ በርሱ የሚነጋገረው በፓትዋ ነው። እንግሊዝኛ አውቃለሁ ብሎ የሄደ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጆሮው ሊያዝበት ይችላል፤ ማፈር አያስፈልግም፣ ቀስ ብለው ሲጠየቁ ይደግሙታል። “ዋ ግዋን” ሲሉ እንዴት ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለ ማለታቸው ነው። ከመልሶቹ አንዱ “ሚ ዴ ያ” ነው፤ ቃል በቃል “እዚህ አለሁ” ማለት ስለሆነ የእኛ “አለሁ” ቁጭ ብሎ ይገኛል። ሲለያዩ “ሊክል ሞር” ይላሉ፣ በኋላ እንገናኝ እንደ ማለት። መንገድ ለሚሄድ ሰው ደግሞ “ወክ ጉድ” ይሉታል።

ለመንገደኛ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ምክር ይህ ነው፦ ሱቅ ሲገቡ፣ ታክሲ ላይ ሲሳፈሩ፣ የባንክ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ በመጀመሪያ ሰላምታ ይስጡ። ሳይሰላምቱ “ይህ ስንት ነው?” ብሎ መጀመር እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ሻጯም ፊቷን ልታዞር ትችላለች። ሲመሽ የሚሰጠው ሰላምታ “ጉድ ናይት” ነው፤ ሌላ ቦታ የመሰነባበቻ ቃል ቢሆንም በጃማይካ ሲደርሱም ይባላል። ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራትም አይወደድም። ሴቲቱን ከስሟ በፊት “ሚስ”፣ በተለይ በገጠር ሽማግሌውን “ማስ” ይሉታል፤ እትዬና ጋሼ ብሎ ያደገ ሰው ይህን ለመልመድ አይቸገርም።

መንገድና ታክሲ

አብዛኛው ሕዝብ የሚንቀሳቀሰው ሩት ታክሲ በሚባሉ ትንንሽ መኪኖችና ኮስተር በሚሏቸው ሚኒባሶች ነው። ሕጋዊው ታክሲ በቀይ ታርጋውና ታርጋው በሚጀምርበት የእንግሊዝኛ “ፒ ፒ” ፊደላት ይታወቃል፤ ቀይ ታርጋ የሌለውን አለመሳፈር ነው። ዋጋው በመስመሩ የተወሰነ ስለሆነ አጠገብ የተቀመጠን ተሳፋሪ ቀስ ብሎ መጠየቅ ከክርክር ያድናል። ዝርዝር ገንዘብ መያዝም ይገባል፤ ጠዋት ትልቅ ኖት የሚያወጣን ሰው ሾፌሩ አይወደውም።

በኪንግስተን ሃፍ ዌይ ትሪ በሚባለው አደባባይ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ቢቆሙ የከተማዋን ትርታ ያገኙታል። የሰዓት ማማው ዙሪያ ጢም ብሎ ሞልቷል። ተማሪዎች ዩኒፎርማቸው ተተኩሶ፣ ካልሲያቸው ተስቦ ይተላለፋሉ። ተሳፋሪ ጠሪው የሰፈር ስም እየደጋገመ ይጮኻል፤ ድምፁ ከመገናኛ ወይም ከሜክሲኮ ወያላ ጩኸት ጋር ወንድማማች ነው። ከኋላ ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራተኛው ይገባል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሌሎቹ ሳያጉረመርሙ ይጠጋጉለታል። ሬዲዮው ላይ ሰባኪ ወይም ዳንስሆል የሚባለው ሙዚቃ አለ። ወራጅ ሲኖር “ዋን ስቶፕ፣ ድራይቨር!” ይባላል፤ “ወራጅ አለ!” ማለት ነው።

ከከተማ ወደ ከተማ ለሚሄድ ናትስፎርድ ኤክስፕረስ የሚባለው አውቶቡስ በሰዓቱ የሚነሳና ምቹ ነው፤ ትኬቱን ቀድሞ መያዝ ይሻላል። ከኪንግስተን አቅራቢያ ወደ ኦቾ ሪዮስ አካባቢ የሚያደርሰው የክፍያ መንገድ በ2016 ተከፍቶ ተራራውን የማቋረጡን ጉዞ በእጅጉ አሳጥሮታል። መኪና የሚከራይ ሰው አገሩ በግራ በኩል የሚነዳበት መሆኑን ያስብ፤ የገጠሩ መንገድ ጠባብ፣ ጠመዝማዛና ጉድጓድ የበዛበት ነው፣ ማታ ባይነዱ ይመረጣል።

ማዕድ

ብሔራዊው ምግብ አኪና በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። አኪ ከምዕራብ አፍሪካ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ፍሬ ነው። ሲበስል ቀዩ ልጣጩ ዛፉ ላይ እንዳለ ሦስት ቦታ ይከፈታል፤ ውስጡ የሚያብለጨልጩ ሦስት ጥቁር ፍሬዎች፣ ከፍሬዎቹ ሥር ደግሞ ቅቤ የመሰለ ሥጋ ይታያል። ባለሙያዋ ጥቁሩን ፍሬ ትጥላለች፣ በሥጋው ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ቀይ ሽፋን በቢላ ጫፍ ታወጣለች፣ ቀቅላ ውሃውን ትደፋለች። ከዚያ ጨዉ የተነከረለትን ዓሣ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጦስኝና ስኮች ቦኔት የሚባለውን ኃይለኛ ቃሪያ ጠብሳ በመጨረሻ አኪውን እንዳይፈርስ በቀስታ ትጨምረዋለች። ሰሃን ላይ ሲቀርብ እንቁላል ፍርፍር ይመስላል። ያልበሰለ አኪ ግን መርዝ ነው፤ ሃይፖግላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር የደም ስኳርን አውርዶ እስከ ሞት ያደርሳል። እንግዳ ሰው በራሱ እጅ ከዛፍ ቀጥፎ ከመብላት ይጠንቀቅ።

ቅዳሜ የሾርባ ቀን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ በቦሎቄ ከዶሮ ጋር ይቀርባል። የፍየል ካሪ የሕንዶቹ ቅርስ ነው። ፒሜንቶ በሚባለው የቅመም ዛፍ እንጨት ጢስ የሚጠበሰውን ቅመም የበዛበት ሥጋ፣ ጀርክን፣ በተወለደበት በፖርትላንድ፣ ቦስተን ቤይ መቅመስ ይገባል። ለጾመኛ ኢትዮጵያዊ ደግሞ መልካም ዜና አለ፦ የራስ ተፈሪያውያን ምግብ “አይታል” ይባላል፤ ሥጋ የለበትም፣ በአብዛኛውም ጨው አይገባበትም፣ በኮኮናትና በቅጠላ ቅጠል ይሠራል። አይታል ቤት ያገኘ ሰው ጾሙን ሳይፈታ ጠግቦ ይውላል።

ቡናው ዘመዳችን ነው። ገዥው ኒኮላስ ሎውስ በ1728 ከማርቲኒክ ያስመጣው ተክል የዘር ሐረጉ በየመን በኩል ዞሮ የእኛው ጫካ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ብሉ ማውንቴን ቡና በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በእንጨት በርሜል ታሽጎ ይላካል፣ ለረጅም ዓመታትም ዋነኛ ገዢው ጃፓን ሆኖ ቆይቷል። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ መቶ በመቶ ብሉ ማውንቴን ማለቱን ያረጋግጡ፣ ቅልቅሉ ብዙ ነውና። በየቤቱ ግን እንደ እኛ የቡና ሥርዓት የለም፤ ትኩስ መጠጥ ሁሉ፣ ካካዎውም ሾርባ መሳይ የዓሣ መረቁም፣ “ሻይ” ይባላል።

በርሜሉና የሚመጡት

ጃማይካዊ ውጭ አገርን በአንድ ቃል “ፎረን” ይለዋል። በኒው ዮርክ፣ በማያሚ፣ በቶሮንቶና በለንደን ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል፤ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ የአገሪቱ ኢኮኖሚ አንዱ ምሰሶ ነው። ከገንዘቡ ጋር በርሜል ይላካል። እናት ወይም አክስት ወራት ፈጅታ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የትምህርት ቤት ጫማና ደብተር እየሰበሰበች ትሞላዋለች፣ በመርከብ ይመጣል፣ ግቢ ውስጥ ሲከፈት ጎረቤት ሁሉ ድርሻ አለው። ባዶው በርሜል አይጣልም፣ ውሃ ይያዝበታል። ወላጆቻቸው ውጭ ሆነው በበርሜል ያደጉ ልጆች “የበርሜል ልጆች” ይባላሉ፤ በዚህ ስም ውስጥ ያለውን ናፍቆት ልጁን ለአያቱ ትቶ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ዲያስፖራው በብዛት የሚመጣው በገና ሰሞን ነው። ያኔ የአውሮፕላን ዋጋ ይወደዳል፣ የጉምሩክ ሰልፍ ይረዝማል፣ በየቤቱ ሶረል ይጠመቃል፤ ሶረል እኛ ከርከዴ የምንለው ሲሆን እነሱ ዝንጅብልና ሩም ይጨምሩበታል። ሰው ሲሞትም ይመጣሉ። ከቀብር በፊት ጎረቤት ሟቹ ቤት ተሰብስቦ መዝሙር እየዘመረ፣ ዶሚኖ እየተጫወተ፣ የተጠበሰ ዓሣ በዳቦ እየበላ ያድራል፤ ልማዱ “ናይን ናይት”፣ ዘጠነኛው ሌሊት ይባላል። ሠልስትና አርባ ለሚያውቅ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም። መንገደኛ ሙዚቃውን ሰምቶ ሠርግ እንዳይመስለው እንጂ፣ ገብቶ ቢያስተዛዝን በክብር ይቀበሉታል።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ክር

ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን አየር ማረፊያ ሲደርሱ የራስ ተፈሪያውያን ሕዝብ አጥሩን አልፎ አውሮፕላኑን ከበበው። ንጉሠ ነገሥቱ ወዲያው መውረድ አልቻሉም፤ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስ ተፈሪያውያን መሪ ሕዝቡን ገለል እንዲል ካደረገ በኋላ ነው የወረዱት። ቀኑ እስከ ዛሬ ይከበራል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በደሴቲቱ የተተከለችው በ1970 አባ ላእከ ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ፣ ሲላኩ ነው። ኪንግስተን ማክስፊልድ ጎዳና ላይ ያለችው ቅድስት ሥላሴ የዚያ ፍሬ ናት። ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ የተጠመቀው ቦብ ማርሌ በሜይ 1981 ሲቀበር ጸሎቱን የመሩት እኒሁ አባት ነበሩ። ወደ ሆፕ ሮድ 56 ቁጥር፣ የማርሌ ቤት ወደሆነው ሙዚየም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ከየት እንደመጣ ሲናገር የሰው ፊት ይበራል። ያን ፍቅር በአክብሮት መቀበል ይገባል፤ ስለ ንጉሡ ያላቸው እምነት ከእኛ ቢለይም በእምነታቸው መከራከር ወይም ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ደግ አይደለም።

ከመነሳት በፊት

ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ይያዝ። በረራው በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በአውሮፓ በኩል ስለሚያልፍ የትራንዚት ቪዛ ጉዳይ ቀድሞ መጣራት አለበት። የመግቢያው ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል። የኤሌክትሪኩ ኃይል 110 ቮልት ስለሆነ በ220 ብቻ የሚሠራ የፀጉር ማድረቂያ ወይም ካውያ ማንገላታት ትርፉ ድካም ነው። ሰዓቱ ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን ቤተሰብ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። የወታደር ዥንጉርጉር ልብስ መልበስ በሕግ የተከለከለ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም፤ ሻንጣ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ከ2015 ጀምሮ እስከ 2 አውንስ ጋንጃ መያዝ ወንጀል መሆኑ ቀርቶ መቀጫ ብቻ ሆኗል፤ ይዞ አውሮፕላን መግባት ግን ያሳስራል።

ስለ ባሕር ዳርቻው አንድ ነገር መነገር አለበት። በ1956ቱ የባሕር ዳርቻ ሕግ መሠረት ሕዝቡ በየትኛውም ዳርቻ የመዋኘት አጠቃላይ መብት የለውም፤ ብዙው ጥሩ አሸዋ በሆቴሎች አጥር ውስጥ ነው፣ የደሴቲቱ ልጆችም ለባሕራቸው እየከፈሉ ይገባሉ ወይም ከውጭ ያያሉ። ይህ ከልብ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ የመብት ተከራካሪዎች ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውታል። የሰፈሩ ሰው የሚዋኝበትን ዳርቻ ጠይቆ መሄድ ገንዘቡንም ለሰፈሩ ያደርሰዋል።

ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ደረቅና ደስ የሚል ወቅት ነው፤ በየጣሪያው የሚታየው ጥቁር ሮቶ የዚያ ወራት የውሃ ፈረቃ ምስክር ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል። ሽማግሌዎች ዘመን የሚቆጥሩት ጊልበርት በተባለው የ1988ቱ አውሎ ነፋስ ነበር። ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ነፋስ ምዕራቡን መታች፤ በደሴቲቱ ላይ ከደረሱት በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ብርቱዋ ናት። የብላክ ሪቨር ከተማ ፈራረሰች፣ በሴንት ኤልዛቤትና በዌስትሞርላንድ እጅግ ብዙ ቤት ጣሪያ አልባ ቀረ። ወደ ምዕራብ የሚያቀና ሰው የማደሪያውንና የመንገዱን ሁኔታ ደውሎ ይጠይቅ፣ መሄዱን ግን አይተው። ከብላክ ሪቨር ወጣ ብሎ ሚድል ኳርተርስ በሚባል ቦታ ሴቶች በቃሪያ የተቀቀለ ቀይ የወንዝ ሽሪምፕ በትንሽ ላስቲክ ቋጥረው መንገድ ዳር መሸጥ የቆየ ሥራቸው ነው። ከተገኙ መኪናውን ማቆም፣ ሰላምታ መስጠት፣ ሳይከራከሩ ሁለት ቋጠሮ መግዛት።