ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ

ይህን ተረትና ምሳሌ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሰው ቃል የተገባለትን ነገር ሲጠብቅ ከርሞ እጁ ባዶ ሲቀር «ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ» ይላል። ሁለተኛው ግማሽ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ አድማጭ በልቡ ይጨርሰዋል። ለኔ ግን ዋናው ነገር ያለው እዚያ በሚቀረው ግማሽ ላይ ነው።

ቃላቱን እንያቸው እስቲ። ተናጋሪው «ላም የለኝም» አላለም፤ «አለኝ» ነው ያለው። ላሟ የሱ ናት። ችግሩ ያለችበት ቦታ ነው፤ አያግዳት፣ አያልባት። «ሰማይ» የገባው ከ«አላይ» ጋር ቤት ስለሚመታ ብቻ አይደለም (ቤት መምታቱ ከአፍ እንዳይጠፋ አድርጎታል)፤ ቀና ብለህ የምታየው፣ ግን እጅህ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነም ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ይህን አባባል ለውሸታም ሲጠቀምበት ያላግባብ ይመስለኛል። ባለላሙ አልዋሸም። ሀብቱ የማይታለብ ሆኖበት በራሱ ላይ እያላገጠ ነው።

ይህ ቃል በቃል የደረሰባቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፤ የሮኬት መሐንዲሶች።

እ.ኤ.አ. በ1962 ኤሮጄት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ሮበርት ትሩአክስ «ሲ ድራገን» የሚባል ሮኬት ነደፈ። ቁመቱ 150 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር። ሰዎችን ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 እንኳ 110 ሜትር ገደማ ነው። ጭነቱማ አይነሳ፤ 550 ቶን ወደ ምድር ምህዋር! ይህን ጉድ የሚችል ማስወንጨፊያ የብስ ላይ ከመገንባት ይልቅ፣ ሮኬቱ መርከብ በሚሠራበት ቦታ ከብረት ተበይዶ ባሕር ላይ እየተጎተተ ይሄድና፣ ግርጌው ላይ የታሰረው ታንክ ውሃ ሲሞላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይተኮሳል። ፓምፕ እንኳ የለውም፤ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው የታመቀ ጋዝ ነው። ትልቅ፣ ቀላል፣ ርካሽ፤ ሐሳቡ ይኸው ነበር። የእብድ ሐሳብም አልነበረም፤ ከውሃ ውስጥ መተኮስ እንደሚቻል በትናንሽ ሮኬቶች ተሞክሮ ሠርቷል።

ላሟ አለች እንግዲህ፤ በስሌትም በንድፍም። ወተቷስ? 550 ቶን ሙሉ የሚያስጭን ደንበኛ ከየት ይምጣ! ያን ያህል ጭነት የሚፈልገው የማርስ ጉዞ ነበር፤ እሱም ገንዘብ አላገኘም። ሮኬቱን ያስቀረው የምሕንድስና ጉድለት ሳይሆን የሚጭነው ነገር ማጣቱ መሆኑ ነው እኔን የሚገርመኝ።

ኖቫ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ናሳ ከመሬት ተነስቶ መንኮራኩሩን እንዳለ ጨረቃ ላይ ለማሳረፍ ያሰበው በዚህ ሮኬት ነበር። በ1962 ግን ትንሽ ማረፊያ መንኮራኩር ብቻ ወርዳ፣ ተመልሳ ጨረቃን ከሚዞረው ጋር እንድትገናኝ ተወሰነ። ለዚያ ሳተርን 5 በቂ ነበር። ወተቱ ከሌላ ላም ተገኘ ማለት ነው፤ ኖቫም ወረቀት ላይ ቀረ።

ኦሪዮን ይባል የነበረው የጠፈር መንኮራኩር ንድፍማ ከኋላው የኑክሌር ቦምብ እያፈነዳ ሊሄድ ነበር! ትንሽ ሞዴሉ በተለመደ ፈንጂ እየተገፋ በ1959 ተነስቷል። በ1963 ግን በከባቢ አየርና በጠፈር የኑክሌር ሙከራን የሚከለክል ስምምነት ተፈረመ፤ ፕሮጀክቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ።

ታዲያ አንዳንዶች የሶቪየቱን የጨረቃ ሮኬት ኤን1 ከነዚህ ጋር ይደባልቁታል። ልክ አይደለም። እሱ ተሠርቷል፤ ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተተኩሶ አራቱንም ጊዜ ከሽፏል። ያቺ ላም መሬት ላይ ነበረች፤ ለሷ ሌላ ተረት መፈለግ ነው።