ደብተር ይዞ የገባ ሁሉ ገምጋሚ አይደለም፦ ስለ መምህራን ድጋፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በወሎ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ላስታ፣ ከወረኢሉ እስከ ቆቦ፣ «ሱፐርቫይዘር መጣ» ሲባል መምህሩ መጀመሪያ የሚፈልገው የትምህርት ዕቅድ ደብተሩን ነው። ዕቅዱ ከተገኘ እፎይታ ነው፤ ካልተገኘ ጭንቀት። የመጣው ሰው ሊያየው የሚገባው ዋናው ነገር ግን ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ናቸው። መምህርን ክፍሉ ድረስ ሄዶ የሚያግዙ ሰዎች ብዙ ናቸው፦ የጉድኝት (በአንድ ላይ የተደራጁ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘር፣ ለጀማሪ የሚመደብ መካሪ መምህር፣ የዲፓርትመንት ተጠሪ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር። እዚህ ለሁሉም «መካሪ» የሚለውን ቃል እንጠቀማለን። ሥራቸውን የሚያከብዱባቸው በመምህራንም በራሳቸው በመካሪዎቹም ዘንድ የሰፈኑ የተሳሳቱ እምነቶች ናቸው።

«ድጋፍም ያው ኢንስፔክሽን ነው»

አይደለም። ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቱን በተቀመጡ ስታንዳርዶች መዝኖ ከደረጃ 1 እስከ 4 ያስቀምጣል። የሚመዘነው ተቋሙ ነው፤ ውጤቱም ወደ ላይ ሪፖርት ይደረጋል። ድጋፍ ደረጃ አይሰጥም። አንድ መምህር በሚቀጥለው ሳምንት አንድን ነገር ከዛሬው በተሻለ እንዲሠራ ያግዛል፤ ሥራው እዚያ ያበቃል።

ግርታው ከየትም አልመጣም። ብዙ ቦታ ያው ሰው ጠዋት ክፍል ገብቶ ይደግፋል፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ደግሞ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ይሞላል። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ ለእንግዳ የተሰናዳ ትምህርት ያቀርባል። ትናንት የተማሩትን ዛሬ እንደ አዲስ ይጠይቃቸዋል፣ እጅ ሁሉ ይወጣል፣ ክፍሉ ይደምቃል። መካሪው የሌለ ችግር አይቶ፣ ያለውን ሳያይ ይወጣል።

መውጫው ሁለት ደብተር መያዝ ነው። የድጋፉ ደብተር ውስጥ ነጥብ አይጻፍም፤ የተጻፈውንም ከመምህሩና ከመካሪው በቀር ማንም አያየውም። ይህ ክፍል ከመገባቱ በፊት በግልጽ ይነገራል። ለአፈጻጸም ምዘና መግባት ግድ ሲሆን ቀኑ ተለይቶ አስቀድሞ ይታወቃል። አንድ ጊዜ የድጋፍ ማስታወሻ ለግምገማ ማስረጃ ሆኖ ከቀረበ፣ በዚያ ትምህርት ቤት እውነተኛውን ትምህርት የሚያሳይ መምህር ለማግኘት ዓመታት ይወስዳል።

«ጥሩ ምልከታ ማለት ቼክሊስቱን ሞልቶ መውጣት ነው»

የተለመደው ቅጽ «የዕለቱን ርዕስ ሰሌዳ ላይ ጽፏል»፣ «መርጃ መሣሪያ ተጠቅሟል»፣ «ተማሪዎችን አሳትፏል» እያለ ይወርዳል። «አሳትፏል» ተብሎ ምልክት ሲደረግ ስንቶቹን? የትኞቹን? ቅጹ አይጠይቅም። ስለዚህ ምልከታ በቁጥርና በተባለው ቃል ይያዝ።

መካሪው ከኋላ አይቀመጥ፤ ከኋላ የሚታየው የልጆች ማጅራት ነው። በጎን በኩል፣ ፊታቸውንና ደብተራቸውን ማየት የሚያስችል ቦታ ይያዝ። ትምህርቱ ሳይጀመር የመቀመጫውን ካርታ በአንድ ገጽ ላይ ይንደፍ፤ አንድ ዴስክ አንድ ሳጥን ነው። መምህሩ ልጅ በጠየቀ ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ ጭረት ያድርግ። በ40 ደቂቃ መጨረሻ ካርታው ራሱ ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ ጭረቱ የሚከማቸው በፊተኞቹ ሦስት ዴስኮችና በመካከለኛው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ነው። በመስኮት በኩል ከኋላ ያሉት ሳጥኖች ባዶ ይቀራሉ።

በሌላ ገጽ ላይ ከጥያቄ በኋላ ያለው ዝምታ ይለካ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ «አላውቅም» የሚለው ይቀንሳል፣ ደከም የሚሉትም መመለስ ይጀምራሉ። ለዚህ ሰዓት አያስፈልግም፤ በልብ «አንድ... ሁለት... ሦስት» ብሎ መቁጠር ይበቃል።

አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። 1ኛ ክፍል ነው። መምህርቷ የፊደል ገበታውን በዘንግ እየጠቆመች «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» ትላለች፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጣሪያው እስኪርገበገብ ይከተላሉ። ቅጹ ላይ «ተሳትፎ፦ በጣም ጥሩ» ይባላል። መካሪው ግን አንዱን ልጅ ጠጋ ብሎ ከረድፉ መሀል «ቂ»ን ቢጠቁመው፣ ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«ቀ» ይጀምርና ቆጥሮ ይደርስበታል። ይህ ልጅ የያዘው ዜማውን ነው፣ ፊደሉን ገና አለየውም። ቃል ሲሰጠው ስለማያነብ «ሰነፍ» ይባላል። የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ችግር ከጥንት ያውቀዋል፤ ከ«ሀሁ» ቀጥሎ «አቡጊዳ» የሚመጣው ቅደም ተከተሉ ተሰብሮ፣ ልጁ በቃሉ ሳይሆን በዓይኑ እንዲለይ ነው። ስለዚህ ለመምህርቷ የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፦ በየቀኑ የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች ከተማሩት ውስጥ 5 ፊደላትን አዘበራርቆ ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ያለ ዜማ አንድ አንድ ልጅ መጠየቅ። ከ230 በላይ ፊደላት ላለው ገበታ ይህ ልምምድ ቅንጦት አይደለም።

«ብዙ አስተያየት የሰጠ ብዙ ረዳ»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። አሥር «መሻሻል ያለበት» ነጥብ የተቀበለ መምህር በማግስቱ አንዱንም አይሞክርም፤ ከየትኛው እንደሚጀምር አያውቅማ። አንድ ክፍለ ጊዜ ታይቶ አንድ ነገር ይመረጥ። መምረጫው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ይህ ቢስተካከል ብዙ ልጆች ይጠቀማሉ? መምህሩ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ ባለው ቁሳቁስ ሊሞክረው ይችላል? ሁለቱንም የማያሟላ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ውይይቱ በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ይደረግ። ቦታው ግን የመምህራን ማረፊያ ክፍል አይሁን። ቡናው እየተጠጣ፣ አቦሉ እየተቀዳ፣ በሰው ፊት የተሰጠ አስተያየት የቱንም ያህል ቢለሰልስ ሐሜት ሆኖ ይሰማል። ዛፍ ሥር፣ ባዶ ክፍል፣ አንድ ጥግ ይበቃል።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች የተሳካውን በስሙ መጥራት ነው። «ጥሩ ነበር» ማለት ምንም አይናገርም፤ «ያቺ ልጅ ስትሳሳት ሳይቆጡ ደግመው ጠየቋት፣ ሁለተኛውን ራሷ አረመችው» ማለት ግን ይናገራል። ቀጥሎ ማስረጃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ መምህሩ ራሱ ያንብበው። ለምሳሌ፦

«ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ልጅ የመለሰልዎት ይመስልዎታል?»
«ኧረ ሁሉም ይሳተፋሉ፣ እጅ ሲያወጡ አላየህም?»
«14 ጥያቄ ጠይቀዋል። ካርታውን ይዩት እስቲ።»
«...እነዚህ አራቱ ብቻ ናቸው እንዴ?»

ከዚህ በኋላ መካሪው ዝም ይበል። መፍትሔው ከመምህሩ አፍ ቢወጣ ይመረጣል፤ ካልወጣ ሁለት አማራጭ ይቅረብለት። እንበልና የልጆቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከጣሳ እያወጡ መጥራት ተመረጠ። የቀሩት 10 ደቂቃዎች ለልምምድ ናቸው፦ መምህሩ ቆሞ ይጠይቅ፣ 3 ይቁጠር፣ ከዚያ ስም ይጥራ፤ መካሪው ተማሪ ሆኖ ይመልስ። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ይፈተሻል። ስሙ ከጥያቄው በፊት ከተጠራ ሌሎቹ ልጆች ማሰብ ያቆማሉ። ብዙ ሰው ይህን ልምምድ ያፍርበትና «ገባኝ፣ እሠራዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ያልተለማመዱት ነገር 70 ልጅ ፊት ሲደርስ ይጠፋል፣ አሮጌው ልማድ ይመለሳል።

ከዚያ የመመለሻው ቀን ይቆረጣል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ። ያልተመለሰ መካሪ ያየው ነገር ሁሉ ትችት ሆኖ ይቀራል።

«ስልጠና ከተሰጠ ይበቃል»

ደሴ ወይም ወልድያ ወርዶ የሦስት ቀን ስልጠና መውሰድ ዕውቀት ይጨምራል። ክፍል ውስጥ ያለውን አሠራር የመለወጥ አቅሙ ግን ደካማ ነው። ተመራማሪዎቹ ብሩስ ጆይስ እና ቤቨርሊ ሻወርስ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ ንድፈ ሐሳብና ሰርቶ ማሳያ፣ ክፍል ድረስ የሚከተል እገዛ ካልተጨመረበት ወደ ዕለት ሥራ የሚሻገረው ጥቂት ነው። በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ክፍለ ሀገር በንባብ ትምህርት ላይ የማዕከል ስልጠናና ክፍል ድረስ የሚመጣ መካሪ ጎን ለጎን ተፈትነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የመካሪው ውጤት የስልጠናውን እጥፍ ያህል ሆኗል። ወጪው ግን ከፍ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን ሁሉ መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪው ማቲው ክራፍት እና ባልደረቦቹ 60 ጥናቶችን አንድ ላይ ተንትነው ድጋፉ ማስተማርንም የተማሪ ውጤትንም እንደሚያሻሽል አገኙ፤ ፕሮግራሙ ሲሰፋ ግን ውጤቱ እንደሚቀንስ ጭምር አገኙ። ምክንያቱን በሒሳብ መገመት ይቻላል። አንድ ጉድኝት 5 ትምህርት ቤት፣ እያንዳንዱ 20 መምህር ቢኖረው 100 መምህር ነው። እያንዳንዱን በወር ሁለቴ ማየት 200 ምልከታ ይሆናል፤ በ20 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 10። አንዱ ትምህርት ቤት ከሌላው በእግር ሁለት ሰዓት በሚርቅበት ደጋ ይህ አይሆንም። ሲሞከር ምልከታው ወደ 10 ደቂቃ ያጥርና ቅጽ መሙላት ብቻ ይቀራል።

የሚሻለው በአንድ ዙር፣ ማለትም በ6 ሳምንት፣ ከ6 እስከ 8 መምህር መያዝ ነው። ለቀሩት በየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት መካሪ መምህር ይሠልጥን፤ ሱፐርቫይዘሩም ዋና ትኩረቱን እነሱን በማብቃት ላይ ያድርግ። ቀኑም ይታሰብበት። ባቲ ዙሪያ ሰኞ ገበያ ነው፣ ግማሹ ክፍል ሊጎድል ይችላል። አርብ ከጁምዓ በፊት ያለው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ይጣደፋል። በወር በዓል ቀን የተወሰኑ ልጆች ይቀራሉ። በእነዚህ ቀናት የታየ ትምህርት የክፍሉን እውነተኛ መልክ አያሳይም።

«ድጋፍ ለጀማሪና ለደካማ ነው»

አዲስ መምህር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መካሪ ተመድቦለት የሙያ ትውውቅ መርሃ ግብር እንዲከታተል በሀገር አቀፍ ደረጃ የተቀመጠ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያው በዓመት 60 ሰዓት ለሁሉም መምህር ነው። 25 ዓመት ያስተማሩ መምህርም የመቀመጫ ካርታቸውን አይተው አያውቁ ይሆናል። ለእሳቸው የሚያስፈልገው አቀራረብ ነው፦ አንቱታው አይጓደል፣ ሰርቶ ማሳያ በእሳቸው ክፍል እንዲደረግ ፈቃድ ይጠየቅ፣ የሚያውቁትንም ለጀማሪው እንዲያሳዩ ይጋበዙ። በየኔታ ጉባኤም ሆነ በወሎ የደረሳ ትምህርት ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ሲያስቀጽል ኖሯል፤ ነገሩ ለአካባቢው ባዕድ አይደለም።

«መካሪው ያንን ትምህርት ያስተማረ ካልሆነ አይችልም»

ግማሹ ልክ ነው። የጥያቄ አጠያየቅን፣ የጊዜ አጠቃቀምን፣ የደብተር አያያዝን ማንም የሠለጠነ መካሪ ማየት ይችላል። የይዘት ስህተትን ግን አይችልም። የአማርኛ መምህር የነበረ ሱፐርቫይዘር የ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ላይ «ድንቅ ነበር» ብሎ ሊወጣ ይችላል፣ ቀመሩ ተገላብጦ እያለ። እንዲህ ሲሆን የዲፓርትመንቱ ሰው አብሮ ይግባ። ቋንቋም እንደዚሁ ነው፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአፋን ኦሮሞ በሚማሩበት ክፍል ቋንቋውን የማይሰማ መካሪ የልጆችን መልስ ጥራት መመዘን አይችልም።

«70 ልጅ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ አይሠራም»

ክፍሉ መጨናነቁ፣ መጽሐፍ ለሦስት መታየቱ፣ በጦርነቱ ዴስክና ቤተ መጻሕፍት ያጡ ትምህርት ቤቶች መኖራቸው የታወቀ ነው። መካሪው ይህን እንዳላየ ሆኖ «የቡድን ሥራ ይስጡ» ቢል ይናቃል፤ መናቁም ተገቢ ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል የሚመረጠው ለውጥ ቁሳቁስ የማይጠይቅና ልጅ ከቦታው የማያስነሳ መሆን አለበት፦ ከዴስክ ጓደኛ ጋር ለ1 ደቂቃ መነጋገር፣ መልስን ደብተር ላይ ጽፎ ከፍ አድርጎ ማሳየት፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀር አንድ ጥያቄ መስጠት። የ70ውን ደብተር ማረም ስለማይቻል መምህሩና መካሪው አሥር ደብተር ይወስዳሉ፤ ከፊት 3፣ ከመሀል 4፣ ከኋላ 3። ልጆቹ ሲወጡ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያነባሉ፣ ትክክለኛውንና የተሳሳተውን ለይተው ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩንም በድጋፉ ደብተር ላይ ከነቀኑ ይጽፋሉ። መካሪው ከሳምንት በኋላ ሲመለስ መጀመሪያ የሚከፈተው ያ ገጽ ነው።