ቦነስ መብት ነው ወይስ የአለቃ ስጦታ?

ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ ሐዋሳ ውስጥ የቡና ላይ ወሬ ሁሉ ቦነስ ነው። ከሚወራው ግማሹ ልክ አይደለም።

«የአንድ ወር ደመወዝ ቦነስ በሕግ ይገባናል።» አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ያለ ግዴታ በአሠሪ ላይ አልጣለም።

«እንግዲያው አለቃው ለወደደው ይስጣ!» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሥራ ውሉ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር በተፈራረመው የኅብረት ስምምነት «ይህን ያሟላ ይህን ያህል ያገኛል» ተብሎ ከተጻፈ ነገሩ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ሆኗል። ምንም ባይጻፍም አንቀጽ 14 አለ፤ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአካል ጉዳት ሠራተኛን ከሠራተኛ መለየት ክልክል ነው። በሥራ ውጤት ማበላለጥ ግን ይቻላል። አንዷ ልብስ ሰፊ ብዙ ሸሚዝ ጨርሳ ብዙ ብታገኝ ማንም አይከሰስም። እኔን የሚያሳስበኝ «ጠባይ» የሚባለው መመዘኛ ነው፤ አለቃ የጠላውን የሚቀጣው በዚያ ነውና። መመዘኛው ገንዘቡ ከመከፋፈሉ በፊት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ በሉ።

«ቦነስም ደመወዝ ነው፤ ስሰናበት ይታሰብልኛል።» አይታሰብም። አንቀጽ 53 ቦነስን፣ ኮሚሽንንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን ከደመወዝ አይቆጥርም። እንበል፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ልጅ ደመወዟ 3,000 ብር፣ ሳትቀር ለመገኘቷ የሚጨመርላት 900 ብር ነው። ደመወዟ 3,900 ይመስላታል። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው ግን በ3,000ው ነው፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚዋጣው ጡረታም እንዲሁ። ለግል ድርጅቶች በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት አገር፣ ደመወዙን አሳንሶ ቦነሱን ማሳበጥ ለአሠሪ ይረክሳል። ሕገ ወጥ አይደለም፤ ፍትሐዊ ነው ማለት ግን ይከብደኛል። ስለዚህ ለድርድር ስትቀመጡ መጀመሪያ ደመወዙን ጠይቁ።

«ስጦታ ግብር የለውም።» አለው። ቦነስ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ስለሆነ ግብር ይቆረጥበታል፤ ከፍተኛው መጣኔ 35 በመቶ ነው። ገንዘቡ ጎደለ ብላችሁ ካሸሯን አትጠርጥሯት።

«ቀስ ብዬ እከሳለሁ፤ ገንዘቤ የት ይሄዳል?» በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ሲያልፍ፣ ይሄዳል። ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች የሚጠየቁት መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። በውል የተጻፈላችሁ ቦነስ ሐምሌ 30 መከፈል ከነበረበት፣ ክሱ ጥር ሳያልቅ ፍርድ ቤት መግባት አለበት።